ኦርቢትራፕ ኤክስፕሎሪስ 120፦ ከመግዛታችሁ በፊት ሰነዱ ላይ ምን ይጻፍ?

ኦርቢትራፕ ኤክስፕሎሪስ 120 በናሙና ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ ማስ ስፔክትሮሜትር ነው። መግለጫው ላይ ቀድሞ ዓይን የሚስበው 120,000 የሚለው ሪዞሉሽን (ተቀራራቢ ክብደቶችን የመለየት አቅም) ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን ኤም/ዜድ (የአዮኑ ክብደት ለቻርጁ ሲካፈል) 200 ላይ ነው። ኦርቢትራፕ ላይ ኤም/ዜድ አራት እጥፍ ሲያድግ ሪዞሉሽኑ በግማሽ ይወርዳል፤ 800 ላይ 60,000 ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የጨረታ ሰነድ ላይ «ሪዞሉሽን ቢያንስ 100,000» ብሎ ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነው። በየትኛው ኤም/ዜድ እና በስንት የስካን (የአንድ ጊዜ ልኬት) ፍጥነት የሚለው አብሮ ይጻፍ።

ፍጥነቱ ላይ ብዙ ገዢ ይሳሳታል። በሴኮንድ እስከ 22 ስካን የተባለው በ15,000 ሪዞሉሽን ነው። በ120,000 ሲሠራ ሲግናሉን መቅዳት ብቻ 256 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። አንድ ውህድ ከኮለሙ (ውህዶችን ከሚለያየው ቱቦ) ሲወጣ የሚፈጥረው ፒክ 4 ሴኮንድ ስፋት አለው እንበል። አንድ ሙሉ ስካን በ120,000፣ ቀጥሎ 10 የፍራግመንት (የተሰባበሩ ሞለኪውሎች) ስካን በ15,000 ካዘዝን አንዱ ዙር 0.7 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። ፒኩ ላይ የሚያርፉት ነጥቦች 5 ወይም 6 ብቻ ይሆናሉ፤ የፒኩ ጫፍ ይስታል፣ የሚለካው መጠንም በየኢንጀክሽኑ (ናሙና ወደ መሣሪያው በገባ ቁጥር) ይዋዥቃል። ሙሉ ስካኑን ወደ 60,000፣ ፍራግመንቱን ወደ 4 ዝቅ ስናደርግ ነጥቦቹ 12 ገደማ ይደርሳሉ።

ለፀረ ተባይ ቅሪት ምርመራ ያለ ማመንታት እንመርጠዋለን። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ የሚፈቅደው የማስ ስሕተት እስከ 5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አምስት እጅ) ሲሆን መሣሪያው ከ3 በታች ይሰጣል። ለድፍድፍ ነዳጅ ግን አይሆንም። ሦስት ካርቦንን ከአንድ ሰልፈርና አራት ሃይድሮጅን የሚለያቸው 0.0034 ዳልተን (የአቶም ክብደት መለኪያ) ነው፤ ኤም/ዜድ 400 ላይ ይህን ለመለየት ወደ 118,000 ሪዞሉሽን ያስፈልጋል፣ ኤክስፕሎሪስ 120 እዚያ ላይ 85,000 አካባቢ ነው። ለዚህ ሥራ ኤፍቲ-አይሲአር የተባለው ከፍ ያለ ሪዞሉሽን ያለው ማስ ስፔክትሮሜትር ይፈለግ።

ለክፍሉ ዝግጅትም ከመሣሪያው ጋር አብሮ በጀት ይያዝለት። መብራት ሲቋረጥ ቫኪዩም የሚፈጥሩት ቱርቦ ፓምፖች ይቆማሉ፣ ቫኪዩሙ ይጠፋል፤ እንደገና አሙቆ እርጥበቱን ለማውጣት አንድ ሌሊት ይሄዳል። ዩፒኤሱ (የመጠባበቂያ ባትሪው) ፓምፖቹንም መሸከም አለበት። የናይትሮጅን ጄኔሬተሩ ኮምፕረሰር ዘይት የሚያሳልፍ ከሆነ የጀርባ ፒኮች ይበዛሉ፤ ከዘይት ነፃ የሆነው ይጠየቅ። የክፍሉ ሙቀት ከተዋዠቀም ካሊብሬሽኑ (የክብደት ልኬቱ ማስተካከያ) ይንሸራተታል።

ርክክቡ በአቅራቢው ንጹሕ መፍትሔ ብቻ አይፈጸም። የራሳችሁን ናሙና በኮለም አሳልፉ፣ ካሊብሬሽኑን ሳትነኩ 24 ሰዓት አሠሩት፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ኢንጀክሽን የማስ ስሕተት ከ3 ፒፒኤም ካለፈ አትፈርሙ።