ጅማ ላይ «የኒውትሮን ሕክምና» እናስገኛለን ስላለን ቢሮ

ሰሞኑን ለአክስቴ ሕክምና ስንሯሯጥ፣ ታካሚ ወደ ውጭ አገር የሚልክ አንድ ቢሮ እዚህ ጅማ ገጠመን። ስሙን አልጠራም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ፣ እንደኛ የባዮፕሲ (ከሰውነት ተቆርጦ የሚመረመር ናሙና) ውጤት ይዞ የሚዞር ሰው ብዙ ነውና።

አክስቴ ከአጋሮ ነው የመጣችው። የማህፀን በር ካንሰር ነው ተባለች። ሐኪሟ ጨረርና ኬሞ አብሮ እንዲሰጣት ጻፈላት። ገና ከድንጋጤው ሳንወጣ አንድ ዘመዳችን «ከጨረር የተሻለ የኒውትሮን ሕክምና አለ፣ ጤነኛውን ሴል አይነካም» ብሎ ወደዚህ ቢሮ ላከን።

አቀባበላቸው ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ልጅቷ «እማማ፣ ይቀመጡ» ብላ ቡና አስመጣችላት። ከዚያ ስለ ክፍያው ገባን። ለፋይል መክፈቻ ብቻ 15,000 ብር፣ የማይመለስ። ሕክምናው ለማንኛውም ዓይነት ካንሰር ይሆናል አሉን። የአክስቴን ሪፖርት ግን ማንም ገልጦ አላየውም። ፖስታው እንደታሸገ ገብቶ እንደታሸገ ወጣ። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለዚህ ጠየቅኩ፦ «ኒውትሮኑ ከምን ነው የሚገኘው? ከሬአክተር (አቶም ከሚሰነጠቅበት የኑክሌር ምድጃ) ነው ወይስ ከማፍጠኛ ማሽን?» «እሱን እዚያ ስትደርሱ ያስረዷችኋል» አሉኝ።

ጥያቄው ለነገር አልነበረም። ኒውትሮን ቻርጅ የለውም። እንደ ኤሌክትሮን በኤሌክትሪክ ጉልበት የሚገፋ ነገር ስላልሆነ መጀመሪያ ከአቶም እምብርት መውጣት አለበት። የዚህ ሕክምና ሐሳብ የቀረበው በፈረንጆቹ 1936 ነው፣ ግን ለረጅም ጊዜ ታካሚው ራሱ የኑክሌር ሬአክተር ወዳለበት መሄድ ነበረበት። አሁን ፕሮቶን አፍጥኖ ቤሪሊየም ወይም ሊቲየም ላይ በማጋጨት ኒውትሮን የሚያወጣ ማሽን ሆስፒታል ውስጥ መትከል ተችሏል። ለታካሚው በቅድሚያ ቦሮን ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ይሰጠዋል፣ መድኃኒቱ ካንሰሩ ላይ በብዛት ይጠራቀማል፣ ከዚያ ቦሮን-10 ኒውትሮኑን ሲውጠው ለሁለት ይሰነጠቅና አልፋና ሊቲየም የሚባሉ ቅንጣቶች ይወጣሉ። የሚጓዙት ከ10 ማይክሮን በታች ነው፣ የአንድ ሴል ስፋት ቢሆን ነው። ስለዚህ በዋናነት የሚመታው ቦሮኑን የያዘው ሴል ነው። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ግን ጃፓን ይህን ሕክምና በፈረንጆቹ 2020 የፈቀደችው ለራስና አንገት ካንሰር ነው፣ ያውም በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ለማይችል ወይም እዚያው ለተመለሰ። ኒውትሮኑ ሥጋ ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንደገባ ይደክማል። የማህፀን በር ደግሞ ጥልቅ ቦታ ነው። ይህንን ሳያጣሩ ከታመመ ሰው ብር መቀበል ነውር ነው። አክስቴ ለመክፈል ቡናዋን ልትሸጥ ተዘጋጅታ ነበር እኮ!

ወደ ሐኪሟ ተመለስን። እሱም ሳይቆጣን ቁጭ ብሎ አስረዳን። ለእሷ የሚሆነው ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት የተለመደው ጨረር ነው፣ እሱም እዚሁ ጅማ አለ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ 25 ቀን።

አሁን አሥረኛው ቀን ላይ ነን። ድካም አለባት፣ ሆዷም ትንሽ ይረበሻል። ማሽኑ ላይ ከመተኛቷ በፊት ፊኛዋ እንዲሞላ ውኃ ትጠጣለች፣ ፊኛው ሲሞላ አንጀቱን ከጨረሩ ገለል ያደርገዋል። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ውኃ የት ይገባል?» ትለኛለች፣ ግን ትጨርሰዋለች። ቆዳዋ ላይ የተሠመረው ምልክት እንዳይለቅ ስትታጠብ እየተጠነቀቀች ነው።

ለቢሮው ከአምስት አንድ ኮከብ ሰጥቻለሁ፣ እሱም ለልጅቷ ትህትና ነው። የምትሄዱ ካላችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሪፖርታችሁን የትኛው የካንሰር ሐኪም እንዳነበበው ጠይቁ። ለቢሮው ሳንከፍል የቀረነውን ያን 15,000 ብር እኛ ለአክስቴ ሆስፒታሉ አጠገብ ክፍል ተከራየንበት።