ስሚዝ፣ ኮልት ወይስ ባለ ጉጉቷ? የድሮ የአሜሪካ ሽጉጥ ሊገዛ ላሰበ ሰው

መጀመሪያ የገዛሁት የድሮ ሽጉጥ ጉድ ሠርቶኛል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነው፤ «ቪክትሪ» የሚሉት፣ መለያ ቁጥሩ በቪ ፊደል የሚጀምረው። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የሽጉጥ ገበያ ላይ ተጋድሞ አየሁት። ዋጋው ከጎረቤቶቹ ወረድ ያለ ነበር። አላመነታሁም።

ቅዳሜ ተኩስ ቦታ ወሰድኩትና ስድስት ጥይት አጎረስኩት። ተኩሱስ ደህና ነበር። ቀለሆቹን ላራግፍ ስል ግን ሁለቱ አልወጣም አሉ። በእርሳስ ገፍቼ ሳወጣቸው ሆዳቸው ተነፍቷል። አንዱ ጎኑ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። አጠገቤ ይተኩሱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀለሁን አገላብጠው አዩና «ጉድጓዱን ሰርስረውታል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካው ይህን ሽጉጥ በሁለት ዓይነት ይሠራው ነበር። ለአሜሪካኖቹ የሚሄደው 38 ስፔሻል የሚባለውን ጥይት ይጎርሳል፤ በርሜሉ ባመዛኙ 4 ኢንች ነው። ለእንግሊዞቹ የሚላከው ደግሞ 38 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባለውን አጠር፣ ወፈር ያለ ጥይት ነው የሚጎርሰው፤ በርሜሉም ባመዛኙ 5 ኢንች ነው። ከጦርነቱ በኋላ የእንግሊዞቹ ወደ ገበያ ተመለሱ። የእነሱ ጥይት ደግሞ እንደ ስፔሻል በየሱቁ አይገኝም። ስለዚህ ነጋዴዎች የጥይቱን ጉድጓድ በመሰርሰሪያ አስረዘሙት። ስፔሻሉ ገባ። ስፋቱ ግን ያው የድሮው ነው። ቀጭን ጥይት ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ሲፈነዳ ቀለሁ ይነፋል፣ ሲብስም ይቀደዳል።

እንዴት ይታወቃል? በርሜሉ ላይ «ስፔሻል» የሚል ቃል ከሌለ ስፔሻል ጥይት ሙሉ በሙሉ ሊገባለት አይገባም። ከገባ ተሰርስሯል ማለት ነው። በርሜሉና ሲሊንደሩ (ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል) ላይ ጥቃቅን የእንግሊዝ ማህተሞች፣ በተለይ «767» የሚል ቁጥር ካዩ የአጭሩን ቀለህ ርዝመት የሚናገር ነው፤ በደንብ ይጠርጥሩ። እኔ አሁን የማይተኩስ የልምምድ ጥይት ኪሴ ይዤ ነው ገበያ የምወጣው። ሻጩን አስፈቅጄ ከትቼ አያለሁ። እምቢ ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቶኛል።

ስለዚህ የድሮ ሽጉጥ ሳወዳድር መጀመሪያ የምጠይቀው ስለሚጎርሰው ጥይት ነው። መልክ ከዚያ በኋላ ይመጣል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ተሽከርካሪዎቹ፦ ስሚዝ እና ኮልት

ለመተኮስም ለማስቀመጥም አንድ ብቻ ግዛ ብባል የስሚዙን ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስ እገዛለሁ። በ1899 የወጣ ነው፤ 38 ስፔሻል ጥይት አብሮት ተወለደ ማለት ይቻላል። በ1902 ጥይት የሚያራግፈውን ዘንግ ከፊት በኩል የሚይዝ መቆለፊያ ተጨመረለት። ያ መቆለፊያ ያለውን እመርጣለሁ። በ1957 ስሙ ሞዴል 10 ሆነ። በሚሊዮን የሚቆጠር ስለተሠራ መለዋወጫው አይጠፋም፤ የሚጠግነውም ሰው አለ። ጥይቱ በየሱቁ ነው።

ኮልት ግን ሌላ ነገር ነው። ኦፊሻል ፖሊስ በ1927 ወጣ። በዚያው ዓመት ዲቴክቲቭ ስፔሻል ባለ 2 ኢንች በርሜል ሆኖ መጣ፤ ትንሽ ሆኖ ስድስት ጎራሽ ነው። ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ኮልት ሲይዙት አጨራረሱ ይለያል። ያ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ውኃ ላይ እንደ ወደቀ ዘይት ያበራል። ምላጩን ስበው ሲይዙት ሲሊንደሩ ንቅንቅ አይልም፤ የተበየደ ነው የሚመስለው።

ችግሩም እዚያው ጋ ነው። በኮልት ላይ ሲሊንደሩን የምታዞረው ትንሽ ብረት ሁለት ሥራ አለባት። ታዞራለች፤ ምላጩ ሲሳብ ደግሞ ገፍታ ታጣብቃለች። እየሠራች ታልቃለች። ስታልቅ ሲሊንደሩ ቦታው ላይ ዘግይቶ ይደርሳል። ይህን የሚያስተካክል የእጅ ባለሙያ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም ወረፋው ረጅም ነው። ስሚዙ ትንሽ ቢወላለቅ የተለመደ ችግር ነው፣ የሚጠግነው ብዙ ሰው አለ።

አያያዛቸውም ይለያያል። የስሚዙን መክፈቻ በአውራ ጣት ወደ ፊት ይገፉታል፤ የኮልቱን ወደ ኋላ ይስቡታል። የስሚዙ ሲሊንደር በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ይዞራል፣ የኮልቱ እንደ ሰዓት። ሁለቱንም የሚተኩስ ሰው መጀመሪያ ላይ ጣቱ ይደናበራል።

አንድ የስም ወጥመድ አለ። ኮልት ፖሊስ ፖዘቲቭ እና ፖሊስ ፖዘቲቭ ስፔሻል አንድ አይደሉም። ባለ 38ቱ የመጀመሪያው የሚጎርሰው «38 ኮልት ኒው ፖሊስ» የተባለውን ነው። ይህ ደግሞ ጥይቱ ጫፉ ጠፍጠፍ ያለ ከመሆኑ በቀር ያው 38 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነው። ኮልት የባላንጣውን ስም ሽጉጡ ላይ ላለመጻፍ ነው ሌላ ስም ያወጣለት። ስፔሻል የሚለው ቃል ከሌለበት 38 ስፔሻል ሊገዙለት አይሂዱ።

ደህንነቱን በተመለከተ ኮልት ቀድሟል። ከ1905 ጀምሮ ሽጉጡ ቢወድቅ እንኳ መዶሻው ጥይቱን እንዳይነካ የሚከለክል ብረት አስገብቷል። የስሚዙ አስተማማኝ የሆነው በ1944 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ስሚዝ ካለኝ መዶሻው ሥር ያለውን ጉድጓድ ባዶ እተዋለሁ።

ሲገዙ እጅ ላይ የሚደረግ ፈተና

ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ሻጩን ያስፈቅዱ። ከዚያ አንድ ጣትዎን ሲሊንደሩ ላይ ለስለስ አድርገው እያሳረፉ መዶሻውን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሳቡት። መዶሻው ከመያዙ በፊት ወይም ሲይዝ ሲሊንደሩም «ቀጭ» ብሎ መቆለፍ አለበት። መዶሻው ተይዞ ሲሊንደሩን በጣትዎ ገፋ ሲያደርጉት ያኔ ቀጭ ካለ ዘግይቷል። ስድስቱንም ጉድጓድ ይሞክሩ። አራቱ ደህና ሆነው ሁለቱ የዘገዩበት አጋጥሞኛል።

ቀጥሎ ፊደሎቹን ይመልከቱ። ዳግም የተቀባ ሽጉጥ በመወልወል ብዛት ፊደሎቹ ሟሙተው፣ የብሎን ጉድጓዶቹ አፋቸው ሰርጎ ይታያል። ኒኬል ቅብ ስሚዝ ሲሆን ደግሞ መዶሻውንና ምላጩን ልብ ይበሉ። ፋብሪካው እነሱን ኒኬል አያስነካም ነበር፤ ዝንጉርጉር ሆነው ነው የሚወጡት። እነሱም ጭምር የሚያብለጨልጩ ከሆነ ሌላ ሰው ቀብቶታል። ለተኳሽ ችግር የለውም። ለሰብሳቢ ግን ዋጋው በግማሽም ሊወርድ ይችላል።

ታጣፊዎቹ

ወገባቸው ላይ ታጥፈው የሚከፈቱት ትንንሾቹ አምስት ጎራሾች ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሁሉ ርካሽ ናቸው። ስሚዝ በ1887 ያወጣው መዶሻው የተደበቀ ባለ 38 አለ። እጀታው ጀርባ ላይ ያለው ብረት ካልተጨበጠ አይተኩስም። አሜሪካኖች «ሎሚ መጭመቂያ» ይሉታል። ቆንጆ ነው።

አይቨር ጆንሰን ደግሞ የድሃው ሰው ሽጉጥ ነበር። እጀታው ላይ የጉጉት ራስ አለበት። ማስታወቂያው «መዶሻውን በመዶሻ ቀጥቅጠው» ይል ነበር፤ ምላጩ ካልተሳበ መዶሻው መርፌውን አይነካም ለማለት ነው። ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በ1901 ቡፋሎ ላይ የተመቱት በዚህ ፋብሪካ ባለ 32 ነው።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ከ1909 በፊት የተሠሩት አይቨር ጆንሰኖች ለድሮው ጥቁር ባሩድ የተሠሩ ናቸው፤ የዛሬው ጥይት ሊተኮስባቸው አይገባም። የቆዩ ሰብሳቢዎች ጉጉቷን ያያሉ። ወደ በርሜሉ የምታይ ከሆነ የጥቁር ባሩድ ነው፤ ፊቷን ወደ ኋላ ካዞረች የአዲሱ። ግን እጀታ ይቀየራል። እኔ ጉጉቷን ብቻ አላምናትም፤ ውስጡ ያለው ዋና ስፕሪንግ ጥቅልል ነው ወይስ ዝርግ ብዬ እጠይቃለሁ። ጥቅልል ከሆነ የኋለኛው ነው። እሱም ቢሆን መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

የኪስ አውቶማቲኮች

ባለ ካዝና ከፈለጉ ኮልት 1903። ጨረስኩ ማለት ይቻላል። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ 32 ኤሲፒ የተባለውን ጥይት የሚተኩስ፣ ስምንት ጎራሽ። «መዶሻ የለሽ» ይባላል እንጂ መዶሻው አለ፣ ውስጥ ተደብቆ ነው። እስከ 1945 ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ጠፍጣፋ ነው፣ ኪስ ውስጥ አይሰነቀርም፣ ሲተኩስም ለስላሳ ነው። 380 የሚጎርሰው ወንድሙ በ1908 መጣ፤ ጄኔራል ፓተን ነበራቸው፣ ባንክ ዘራፊው ዲሊንጀርም በ1934 ቺካጎ ላይ ሲገደል ይዞት ነበር። 380ው በቁጥር ያነሰ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። ለተኩስ ብቻ ከሆነ 32ቱ ይበቃል።

የሚያስደስተኝ አፈታቱ ነው። ጎኑ ላይ ትንሽ ቀስት ምልክት አለች። ላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ ስበው ቀስቷን ከታችኛው ብረት ጫፍ ጋር ሲያስተካክሉ በርሜሉ በእጅ ይዞራል፣ ከዚያ ሁሉም ተንሸራትቶ ይወጣል። መሣሪያ አያስፈልግም። ገዝተው ሲመጡ ስፕሪንጉን በአዲስ ይቀይሩ።

ሳቬጅ 1907 በዚያ ዘመን አስር ጎራሽ መሆኑ ጉድ ነበር። ከኋላ መዶሻ የሚመስል ነገር አለው፤ ግን ከመርፌው ጋር የተያያዘ ነው። ሲወርድ መርፌው ጥይቱን ሊነካ ስለሚችል ጎርሶ መያዝ አይመከርም። ሬሚንግተን 51 እጅ ውስጥ ሲገባ ከሁሉም ይስማማል፤ የተሠራው ግን ከ1918 እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ብቻ ነው፤ ካዝናው ከጠፋ ወጪው ያንገሸግሻል።

ስለ ወረቀቱ

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራ «ጥንታዊ» ይባላል፤ ደንቡ ላላ ያለ ነው። 50 ዓመት የሞላው ደግሞ በሰብሳቢ ፈቃድ ሊገዛ ይችላል። ፈቃዱ ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው። የየስቴቱ ሕግ ግን ለየቅል ስለሆነ የራስዎን ይጠይቁ። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ወገን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መግዛት አይፈቀድለትም፤ የግዢ ፎርሙ ላይ መዋሸት ወንጀል ነው፣ የመኖሪያ ጉዳዩንም ያበላሻል። «ለአጎቴ ስጦታ ይዤ ልግባ» የሚልም ሰምቻለሁ። አገር ቤት የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) አለ፤ ኤርፖርት ላይ ስጦታ የሚባል ነገር የለም።

ያ ቪክትሪ አሁንም አለኝ። ሊገዙኝ ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። ከሽጉጡ ጎን የተሰነጠቀውን ቀለህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሁለቱም ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።