«ሙሉ ፓኬጅ» የተባለ ትልቅ አኳሪየም ከማዘዛችሁ በፊት

በትዕዛዝ ለሚሠራ ትልቅ አኳሪየም ቀብድ ልትከፍሉ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ትንሽ ቆዩ። ገንዳው፣ መቆሚያውና ቧንቧው ባንድ ዋጋ ተጠቃሎ «ሙሉ ፓኬጅ» እየተባለ የሚሸጥበት ውል አለ። እኔ የገዛሁት እንዲህ ያለውን ነው። መብራት በጠፋ በመጀመሪያው ሌሊት ሳሎኑ ውሃ በውሃ ሆነ። መስታወቱ አልተሰነጠቀም። ሲልከኑም አልለቀቀም። ውሃው የወረደው ሻጩ ራሱ በዘረጋው ቧንቧ ነው።

ውሉን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። የገንዳው ሊትር አለ፣ የመስታወቱ ውፍረት አለ፣ የካቢኔቱ ቀለም ሳይቀር አለ። ውሃው በየት ወጥቶ በየት እንደሚመለስ ግን አንድ መስመር የለም። ከመክፈሌ በፊት ይህንኑ ስጠይቀው ሻጩ «ዓሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎ ቀልዶብኝ ነበር። ይኸው ዘንዶው ወጣ።

ነገሩን ላስረዳ። ትልቅ አኳሪየም አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ሁለተኛ ገንዳ አለው፤ ሳምፕ ይሉታል። ማጣሪያውም ማሞቂያውም እዚያ ይቀመጣል። ውሃ ከላይኛው ገንዳ ሞልቶ በመውረጃ ቱቦ ወደ ሳምፑ ይወርዳል፣ ፓምፕ ደግሞ በመመለሻ ቱቦ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ፓምፑ እስከሠራ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ውሃው ግን አይቆምም። የመመለሻው ቱቦ አፍ ውሃ ውስጥ ከተዘፈቀ ውሃውን ወደ ታች መሳብ ይጀምራል። አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ አያቆምም።

አሁን ሂሳቡን ሥሩት። ርዝመቱ 200፣ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ ላይ ከላይ የምትቀነስ እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር 14 ሊትር ናት። የቱቦው አፍ 10 ሳንቲ ሜትር ከተዘፈቀ 140 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለው ለብቻው ነው። የኔው ሻጭ «እንዳይታይ» ብሎ አፉን ወደ ጥልቁ ሰዶታል። ሳምፑንም እስከ አፉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ሞልቶ ሄዷል። ትርፉ ውሃ የት ይግባ?

ስደውልለት መፍትሔ አላጣም፦ አንድ መመለሻ ከልካይ ቫልቭ (ውሃው ወደ ኋላ ሲመጣ የሚዘጋ)፣ በተጨማሪ ክፍያ! ይህን ስትሰሙ ጆሯችሁን አቁሙ። ያ ቫልቭ ትንሽ ቀንድ አውጣ፣ አሸዋ ወይም የካልሲየም ቅርፊት ከገባበት አይዘጋም። አየር ማስገቢያ ብለው ቱቦው ላይ የሚበሱት ቀጭን ቀዳዳም አልጌ ይደፍነዋል። ሁለቱም እንደ ተጨማሪ ጥንቃቄ ቢኖሩ አይጠላም፤ ብቻቸውን ግን አይታመኑም። ትክክለኛው መፍትሔ የቱቦውን አፍ ከውሃው ፊት ሥር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ላይ ማድረግና በሳምፑ ውስጥ በቂ ባዶ ቦታ መተው ነው። ቀድሞ ከታሰበበት ወጪ የለውም። ለዚህ ይሆን ማንም የማያወራልን?

ተቃራኒውም አለ። መውረጃው ቢደፈንስ? ቅጠል ወይም አንድ ቀንድ አውጣ ይበቃዋል። ፓምፑ መግፋቱን ይቀጥላል፣ ላይኛው ገንዳ ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ አንድ መውረጃ ብቻ ያለው ገንዳ ካቀረቡላችሁ፣ የቱንም ያህል ቢያምር አትቀበሉ። ቢያንስ ሁለት ቱቦ ያስፈልጋል። አንዱ በጌት ቫልቭ (ፍሰቱን በጥቂት በጥቂቱ በሚያስተካክል መዝጊያ) ተመጥኖ ሙሉውን ውሃ በጸጥታ የሚያወርድ ነው። ሌላው ደረቁን ቆሞ ክፉ ቀን የሚጠብቅ ነው፤ በእሱ ላይ ምንም ቫልቭ አይገባም። ሦስት ቱቦ ያለው አሠራርም አለ፣ የበለጠ አስተማማኝ ነው። በጌት ቫልቩ ፋንታ ቦል ቫልቭ ከገጠሙላችሁ ደግሞ በጥቂቱ ለማስተካከል ስትሞክሩ ትበሳጫላችሁ፤ ትንሽ ስትነኩት ብዙ ይዘጋል ወይም ብዙ ይከፍታል። መውረጃው ውሃውን የሚያወርደው በስበት ብቻ ስለሆነ ከመመለሻው ቱቦ ወፈር ማለት አለበት። ሁለቱን እኩል ያደረገ ሰው ሥራውን አያውቅም።

ፓምፑ ላይም ጨዋታ አለ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የሊትር ቁጥር ፓምፑ ውሃውን ምንም ከፍ ሳያደርግ የሚገፋው ነው። ከሳምፕ እስከ ገንዳው አፍ ግን 1.5 ሜትር ገደማ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ኤልቦም (የቧንቧ ማጠፊያ) የራሱን ይቀንሳል። ከፍታውና ፍሰቱ አብረው የተሳሉበትን ግራፍ ጠይቁ፤ የታወቀ አምራች ሁሉ ያወጣዋል። ሻጩ ግራፉን ትቶ «በሰዓት አሥር እጥፍ ያዞራል» እያለ ግዙፍ ፓምፕ ሊያሸክማችሁ ከፈለገ እንቢ በሉ። በሳምፑ በኩል የገንዳውን ውሃ በሰዓት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ማዞር ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ጠንካራ ሞገድ የሚወዱ ዓሳዎች ወይም ኮራል ካሏችሁ፣ ያ ሥራ እዚያው ገንዳው ውስጥ የሚገጠሙ አነስተኛ ማዞሪያ ፓምፖች ነው። አለዚያ ትርፉ ጫጫታና የመብራት ቆጣሪ ነው። ፓምፑ በእጅ ተፈትቶ የሚወጣበት ዩኒየን መኖሩንም እዩ። ከሌለ ለጽዳት በመጣችሁ ቁጥር መጋዝ ልትይዙ ነው።

መቆሚያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ጉድለቱ በሩ ሲዘጋ አይታይም። ከላይ ያልኩት ገንዳ ከፍታው 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 980 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻውን አንድ ቶን ሊሆን ምንም አልቀረው። 15 ሚሊ ሜትር መስታወት ከሆነ ወደ 200 ኪሎ ይጨምራል። ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ሳምፑና ራሱ መቆሚያው ገና አልተቆጠሩም። ይህን ሁሉ በቺፕውድ ላይ፣ በብሎን አንጠልጥለው ያስረክቧችኋል። ቺፕውድ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ክብደቱ በብሎኖቹ ላይ ሳይሆን ከላይኛው አግዳሚ በቀጥታ በእግሮቹ በኩል ወደ መሬት መውረድ አለበት። በቱቦላሬ ከተበየደም እንዲሁ፤ አግዳሚው በእግሩ አናት ላይ ይረፍ እንጂ በጎኑ አይለጠፍ።

ውሃ ልክ ይዛችሁ ሂዱ፣ አትፈሩ። በርዝመት፣ በወርድና በሰያፍ ለኩ። መስተካከል ያለበት ከመቆሚያው እግር ሥር ነው፤ በገንዳውና በመቆሚያው መሃል ሽብልቅ የሚሰካ ሠራተኛ ካያችሁ ሥራውን አስቁሙት። የካቢኔቱን በርም ለኩ። ሳምፑን ቀድመው አስገብተው ገንዳውን ከላይ የጫኑበት ሥራ አይቻለሁ። ያ ሳምፕ ቢሰነጠቅ በየትም አይወጣም።

ፎቅ ላይ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ አገሮች የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ የሚታሰበው ጭነት በካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ ነው። 70 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ግን በካሬ ሜትር 700 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ማለት ወለሉ ወዲያው ይደረመሳል ማለት አይደለም፤ የግድግዳና የምሰሶ ቅርበት ብዙ ለውጥ ያመጣል። ግን መልሱን የሚሰጣችሁ የስትራክቸር መሐንዲስ ነው። ሻጩ «ችግር የለውም» ማለቱ ዋስትና አይሆንም።

ስለ መስታወቱ ብዙ አልልም። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ከተሠራ በኋላ አይበሳም፤ ሊበሱት ከሞከሩ ብትንትኑ ይወጣል። ሲልከኑ ሻጋታ ማጥፊያ መድኃኒት የሌለበት መሆን አለበት። ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣ ወይም ኮራል የምታስገቡ ከሆነ በውሃው መንገድ ላይ መዳብም ነሐስም አይኑር፤ ይገድላቸዋል።

ቀሪውን ሂሳብ በእጃችሁ ያዙት። ውሉ ላይም እንዲህ ብላችሁ አስገቡ፦ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ገንዳው ሞልቶ ለተወሰኑ ቀናት ሳያፈስ ከቆየ፣ ፓምፑ እየሠራ ተነቅሎ ሳምፑ ካልፈሰሰ፣ ዋናው መውረጃ ሆን ተብሎ ተደፍኖም ላይኛው ገንዳ ካልፈሰሰ በኋላ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቀየምም። የቧንቧውን ንድፍም በወረቀት ጠይቁ፤ በእጅ የተሳለ ቢሆንም ይበቃል።

ከፍላችሁ የተረከባችሁ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ቤት እያላችሁ፣ ባልዲና ጨርቅ አዘጋጅታችሁ ፓምፑን ንቀሉት። ሳምፑ ሊሞላ ከተቃረበ ቶሎ መልሳችሁ ሰኩት። ከሳምፑ ውሃ ቀንሳችሁ እንደገና ሞክሩ። ሳይፈስ የቆመ ዕለት ፓምፑን መልሳችሁ ሰኩና በሳምፑ ውስጥ ውሃው የረጋበትን ከፍታ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያ በላይ አትሙሉ።