ለእጅና ለእግር ኪንታሮት፦ 17 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ

ይህ ጠብታ ይሠራል፤ ለቸኮለ ሰው ግን አይሆንም። ኪንታሮትን የሚያመጣው ፓፒሎማ ቫይረስ በትንሽ ጭረት ገብቶ የታችኛው ቆዳ ሴሎች ውስጥ ይደበቃል። ጤነኛ ሴል ወደ ላይ ሲወጣ መባዛቱን አቁሞ ይደርቃል፣ ይረግፋል። ኢ7 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ይህን ፍሬን ይፈታዋል፤ ሴሉ መባዛቱን ስለሚቀጥል ቆዳው ይቆለላል። አሲዱ ቫይረሱን አይገድልም፣ ክምሩን ይልጣል እንጂ።

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ሲገዙ መቶኛውን ያንብቡ፤ 2 ወይም 5 በመቶ የሆነው ለኪንታሮት ደካማ ነው። ማታ ማታ ለ5 ደቂቃ በለብታ ውሃ ዘፍዝፈው የላላውን ነጭ ቆዳ በሞረድ ይፋቁ። ዙሪያውን ቫዝሊን ቀብተው መሐሉ ላይ ብቻ አንድ ጠብታ ያድርጉ። ቫዝሊኑ ከተዘለለ ጤነኛው ቆዳ ይቃጠላል።

እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት በሦስተኛው ሳምንት ላዩ ሲለሰልስ ማቆማቸው ነው፤ ኪንታሮቱ ውስጥ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች ካልጠፉ ኪንታሮቱ አለ። ሞረዱን ማንም አይዋስ። በክረምት ጭቃ የራሰ እግር ለቫይረሱ በር ስለሚከፍት ማታ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ።

ለፊት፣ ለብልት አካባቢና ለስኳር ታማሚ እግር ፈጽሞ አይሆንም።