ለአሮጌ መኪና አላርም፦ ያገለገለ ኦሪጅናል ሳይረን ወይስ ባለ ሁለት ሽቦው አዲስ?

አላርሙ ሌሊት ያለ ምክንያት የሚጮህበት ወይም ጭራሽ ድምፁ የጠፋበት ሰው ሁሉ ስለ ሳይረኑ፣ ማለትም ስለሚጮኸው ክፍል፣ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ያገለገለ ኦሪጅናል ልፈልግ ወይስ አዲሱን የቻይና ልግዛ?» ከለገጣፎ፣ ከየካ አባዶና ከኮዬ ፈጬ የሚደውሉልኝ ይበዛሉ። መኪናውን ኮንዶሚኒየም ሥር ወይም አጥር ጥግ የሚያሳድር ሰው በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ የለውም። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌውን መኪና ተንከባክቦ መያዝ ግድ ሆኗል። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ባለ ሁለት ሽቦውን፣ ያንን አዲሱን የቻይና፣ ግዙ፤ የሚተርፈውን ብር ለኮፈን ስዊች (ኮፈኑ ሲከፈት አላርሙን ለሚያስነሳው) እና ለደህና ባለሙያ አውሉት።

መጀመሪያ ዋጋው። በቅርቡ ሶማሌ ተራ ስንጠይቅ ያገለገለው ኦሪጅናል ከ4,500 እስከ 6,000 ብር ተጠራብን፤ ተከራክረን 4,000 ላይ ቆመ። ባለ ሁለት ሽቦው ከ700 ብር ይጀምራል፣ ደህናው 1,400 ነው። ሙሉ አላርም ከነሪሞቱ 5,500፣ ማስገጠሚያው ሌላ 1,500። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አይጨበጥም፤ እናንተ ስትሄዱ ሌላ ሊሉ ይችላሉ። ልዩነቱ ግን ያው ነው። በአንድ ያገለገለ ዋጋ ሁለት ደህና አዲስ ገዝታችሁ የእጅ ዋጋም ይተርፋችኋል።

ኦሪጅናሉን ሰው የሚወደው ውስጡ የራሱ ትንሽ ባትሪ ስላለው ነው። ሌባ የመኪናውን ባትሪ ቢነቅል እንኳ መጮሁን አያቆምም። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚያችው ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስታረጅ ታፈሳለች፣ ፈሳሹም ቦርዱ ላይ ያለውን የመዳብ መስመር ይበላዋል። ሌሊት በራሱ መጮኹም፣ አንዳንዴም ጠዋት መኪና አላስነሳ ማለቱ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ታዲያ ከዚያው ዘመን መኪና የተነቀለ ሌላ ሳይረን መግዛት ያንኑ በሽታ በ4,000 ብር መግዛት ነው። ጎረቤቴ የገዛውን አብረን ከፈትነው። ከውጭ ታጥቦ ጥቁር ቀለም ተነፍቶበታል፤ ውስጡ ባትሪዋ አብጣ ቦርዱ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ሱቁ ውስጥ ግን ጮኾ ነበር! የጮኸው ሻጩ ከመኪና ባትሪ ጋር ስላገናኘው ነው። ይህ ምንም አያረጋግጥም። የግድ ኦሪጅናል ካላችሁ ገመዱን እንዲነቅለው ንገሩት፤ ተነቅሎም ካልጮኸ የውስጥ ባትሪው ሞቷል። «ቻርጅ ስለሌለው ነው» ካላችሁ ቻርጅ አድርጎ ያሳያችሁ፣ አለዚያ ተዉት።

የራሳችሁን ኦሪጅናል ግን ሳትጥሉ አስከፍቱት። ቦርዱ ንጹሕ ከሆነ ተመሳሳይ ዓይነትና ቮልት ያለው ባትሪ በስታኞ አስበይዶ በሲሊኮን መዝጋት ከሁሉም ይረክሳል። የሊቲየም ባትሪ ግን እንዳታስገቡ፤ ሳይረኑ ቻርጅ የሚያደርገው በሌላ መንገድ ስለሆነ አደገኛ ነው።

ወደ ባለ ሁለት ሽቦው ስንመጣ ፎርጅዱ በዝቷል። የ700 ብሩም የ1,400ውም «20 ዋት» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። እጃችሁ ላይ ስትመዝኗቸው ግን ማግኔቱ ያለው ይከብዳል፣ ፎርጅዱ የፕላስቲክ ቀፎ ብቻ ነው። ቴስተር ካለ ደግሞ ክርክር የለም፦ እውነተኛ 20 ዋት በ12 ቮልት 1.6 አምፔር ገደማ መሳብ አለበት። ርካሹን ስንለካው ግማሽ አምፔር እንኳ አልሞላም። ድምፁ ከሦስተኛ ፎቅ አይሰማም፤ ጥበቃውንም አይቀሰቅስም።

ሙሉ አላርም መቀየርን ሪሞቱም ማዕከሉም (አላርሙን የሚያዘው ሳጥን) ለሞተበት ብቻ ነው የምመክረው። ከሙሉ አላርሙ ጋር የሚገጠመው፣ ሞተር የሚያጠፋው ርካሽ ሪሌ ሲበላሽ መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል፣ ከከተማ ዳር ደግሞ መጎተቻው ከአላርሙ ሊበልጥ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ሳትገዙ አጣሩ። አላርሙ ሲነሳ ወደ ሳይረኑ የሚሄደው ሽቦ 12 ቮልት የሚሰጥ ከሆነ ባለ ሁለት ሽቦው ይሠራል፤ በኋላ አላርም የተገጠመላቸው አሮጌ ቶዮታዎች ባብዛኛው እንዲህ ናቸው። ከፋብሪካው አላርም ይዘው የመጡ አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ግን ሳይረኑን የሚያዙት በመልእክት ሽቦ ስለሆነ ባለ ሁለት ሽቦው በቀጥታ አይሆናቸውም።

ሲገጠም አፉ ወደ ታች ይሁን፤ ወደ ላይ የዞረ ሳይረን በሐምሌ ዝናብ ውሃ ይሞላል። ከጭስ ማውጫው ይራቅ፣ የራሱ ፊውዝ ይኑረው፣ ሽቦው በናስትሮ ብቻ ሳይሆን በስታኞ ይያያዝ። የኮፈን ስዊቹን አትተዉ፤ የውስጥ ባትሪ ለሌለው ሳይረን ዋናው መከላከያ እሱ ነው። ሌባው ባትሪው ጋ ሳይደርስ፣ ኮፈኑ ከፍ ሲል ይጮሃል። ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት መስኮት ከፍታችሁ መኪናውን በሪሞት ቆልፉት፣ ትንሽ ጠብቃችሁ እጃችሁን አስገብታችሁ የኮፈኑን መክፈቻ ሳቡ። ኮፈኑን ከፍ ስታደርጉት ወዲያው ካልጮኸ ባለሙያው ስዊቹን ያስተካክል።