የፒያሳው የማታ እንግሊዝኛ ክፍል፦ ለአስጎብኚ ምን ያህል ይጠቅማል?

ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ እናስተምራለን የሚሉ ቤቶች አይጠፉም። ብዙዎቹ ሰላምታ አለማምደው፣ ቃላት አስሸምድደው ይሸኛሉ። ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብሎ ፎቅ ላይ ያለው የማታ ክፍል ግን አንድ ነገር አጥብቆ ያስተምራል፦ ጊዜያቸው የተለያየ ሁለት ድርጊቶችን አድማጭ ሳይደናገር በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ማያያዝ። እኔ ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ነኝ፤ የእኛ ሥራ ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ያለፈውን ካለው፣ የፈረሰውን ከቆመው ጋር እያገናኘን ነው የምናወራው።

መምህሩ ከሰዋስው ስም አይጀምሩም። «ፓስት ፐርፌክት» (ካለፉ ሁለት ድርጊቶች የቀደመውን በ«ሃድ» የሚለየው የግስ ጊዜ) የሚለው ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ አግድም መስመር ያሰምሩና «የቱ ቀደመ?» ይላሉ። ምሳሌውንም ከእኛው ግቢ ነው የሚያመጡት። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1667 አረፉ፤ ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስ ነገሡ። ይህን «ዌን ዮሐንስ ቢኬም ኪንግ፣ ሂዝ ፋዘር ዳይድ» ብለን ብናወራው እንግዳው የሚረዳው አባት ቀድመው ሳይሆን ልክ ልጁ ዙፋን ላይ ሲወጡ እንደሞቱ ነው። በነገሥታት ታሪክ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ወራሹን ያስጠረጥራል። «ሂዝ ፋዘር ሃድ ዳይድ» ሲባል ነገሩ ይቃናል። «በአማርኛ ‹ዮሐንስ ሲነግሡ አባታቸው ሞተው ነበር› ትሉ የለም? ያንኑ ጥንቃቄ በእንግሊዝኛውም አድርጉት» አሉን። ቀጥለው ደግሞ «ቢፎር» ወይም «አፍተር» በገባበት ዓረፍተ ነገር ማን እንደቀደመ ቃሉ ራሱ ስለሚናገር «ሃድ» ቢቀርም ምንም እንደማይጎድል አሳዩን። «ሃድ»ን በየቦታው ለሚበትን ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው።

የወደድኩት ሌላው ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሦች ሁሉ የግድ አንድ ጊዜ መሆን አለባቸው የሚለውን አመል የነቀሉበት ነው። ብዙ ሰው ይህን ከትምህርት ቤት ይዞት ይወጣል። ስለዚህ አስጎብኚው ግንቡ ፊት ለፊት ቆሞ «ዘ ካስል ዛት ፋሲለደስ ቢልት ስቱድ ሂር» ይላል። እንግዳው ግንቡን በዓይኑ እያየ፣ በጆሮው ግን ድሮ ቀረ የሚል ወሬ ይሰማል። መሥራቱ ያለፈ፣ መቆሙ የዛሬ ስለሆነ «ቢልት» ካሉ በኋላ «ስቲል ስታንድስ» ማለት ትክክል ነው፤ ሁለቱ ጊዜያት አይጣሉም። ስለ ቅርስነቱ ስንናገርም እንዲሁ፦ «ኢት ሃዝ ቢን ኤ ወርልድ ሄሪቴጅ ሳይት ሲንስ ዩኔስኮ ሊስትድ ኢት ኢን 1979»። ምዝገባው በዚያው ዓመት ያለቀ ነው፤ ቅርስነቱ እስካሁን አለ። አንዱ ግስ ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው።

ለሚመጣው ጊዜ ያዋሉት ምሽት አጭር ነበር። አጠገቤ የምትቀመጥ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ «ጋሼ፣ ገና ያልደረስንበትን እንዴት ‹ዌን ዊ አራይቭ› እንላለን? ‹ዊል› የታለ?» ብላ ጠየቀች። «‹ዊል› ዋናው ሐረግ ላይ ተቀምጧል፣ ልጄ፤ ‹ዌን› እና ‹ኢፍ› በሚመሩት ላይ አትድገሚው» አሏት። ምሳሌያቸው «ኢፍ ዩ ከም ፎር ጥምቀት፣ ዘ ፑል ዊል ቢ ፉል» የሚል ነበር፤ ለበዓሉ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ስለሚገባበት ስለ ፋሲል መዋኛ ነው። በማግስቱ እዚያ ለወሰድኳቸው እንግዶች እንዳለ ተናገርኩት።

የማያስደስቱ ነገሮችም አሉ። የሚታደለው ፎቶ ኮፒ ደብዝዟል፤ አንዳንዱ መስመር ጭራሽ አይነበብም። በዚህ ትምህርት ደግሞ አንዲት የግስ መድረሻ ከጠፋች ምሳሌው ሁሉ ዋጋ የለውም፤ የሚያስተዳድሩት ሰዎች ይህን ቢያስተካክሉ እላለሁ። የቤት ሥራ ታርሞ እስኪመለስ ይቆያል። የማድመጥ ልምምድ የለም፤ የእንግዳን ፈጣን ንግግር መከታተል የሚቸገር ሰው እዚህ መድኃኒት አያገኝም። ገና «አይ ጎ፣ ሂ ጎዝ» ላይ ያለ ተማሪም ከእኛ ጋር ስለሚቀመጥ እሱ ይጨነቃል፣ እኛም እንጓተታለን። ደረጃ ለይተው ቢያስተምሩ ለሁላችንም ይበጅ ነበር።

ክፍያው በወር ነው፤ ሁለት እንግዳ አንድ ቀን ካስጎበኘሁበት ያንሳል። ለአስጎብኚ፣ ለሆቴል ሠራተኛ፣ ለጉዞ ወኪል ሠራተኛ ያለ ማመንታት ሂዱ እላለሁ። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ግን ሌላ ቢፈልግ ይሻለዋል፤ እዚህ ዋናው ነገር በአፍ መናገር ነው። ትምህርቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ቀደም ብላችሁ ግቡና ከፊት ተቀመጡ፤ ያ መስመር ከኋላ ወንበር አይታይም።