አርስፓምዲ ከወራት በኋላ፦ ለምን እንዳገደ የሚናገር የኢሜይል ማጣሪያ

ይህን የምጽፈው አርስፓምዲን ለመጫን ለምታስቡ፣ ወይም ጭናችሁት «ኢሜይሌ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ፋታ ለነሳችሁ ነው። እኛ ጋ ሠላሳ ሰው በማይሞላው ድርጅት፣ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ባለው የኪራይ ሰርቨር ላይ፣ ኢሜይል ከሚቀበለውና ከሚልከው ከፖስትፊክስ፣ እንዲሁም በየሠራተኛው ሳጥን ከሚያስቀምጠው ከዶቭኮት ጋር ተጣምሮ ከግማሽ ዓመት በላይ ሠርቷል። ስፓም (ያልተፈለገ የጅምላ ኢሜይል) ይይዛል ወይ ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ይይዛል፣ በደንብ ይይዛል። እኔን የማረከኝ ግን ሌላው ጠባዩ ነው። አንድ ኢሜይል ለምን እንደታገደ፣ ሌላው ለምን እንዳለፈ፣ ነጥቡን ከነምክንያቱ መስመር በመስመር ያስቀምጣል። በትንሽ ድርጅት ውስጥ ሰው የሚቆጣው ሾልኮ በገባ ማስታወቂያ አይደለም። የሚቆጣው በቀረ የደንበኛ ደብዳቤ ነው። ያን የቀረ ደብዳቤ ፈልጎ ለማግኘት ደግሞ የሚናገር ማጣሪያ ያስፈልጋል።

ለማያውቁት፣ አርስፓምዲ በሲ እና በሉዋ ቋንቋዎች የተጻፈ፣ በአፓቺ 2.0 ፈቃድ የሚሰጥ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ከእሱ በፊት የምንጠቀመው በፐርል የተጻፈውን ስፓምአሳሲንን ነበር፤ ዕድሜ ጠገብና የተከበረ ሥራ ነው፣ ዛሬም በብዙ ሰርቨሮች ላይ አለ። ሁለቱም የሚሠሩት ኢሜይሉ ላይ ለሚያዩት ለእያንዳንዱ አጠራጣሪ ምልክት ነጥብ በመደመር ነው። ስፓምአሳሲን እንደተጫነ ሳይነካ ከተተወ 5 ነጥብ የደረሰውን ስፓም ይለዋል። አርስፓምዲ ግን ደረጃ አለው። 4 ሲደርስ ላኪውን ሰርቨር «ቆይተህ ሞክር» ይለዋል፣ 6 ሲደርስ ምልክት አድርጎበት ያሳልፈዋል፣ 15 ሲደርስ አይቀበለውም። ምልክት የተደረገበትን ወደ ጀንክ ፎልደር የሚያስገባው የዶቭኮት የሲቭ (ኢሜይልን በየፎልደሩ የሚደለድል የደንብ ቋንቋ) ደንብ ነው፤ እሱን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ፣ ያለዚያ ምልክቱ ብቻውን ምንም አያደርግም።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። 15 የደረሰው ኢሜይል የሚመለሰው ላኪው ሰርቨር ገና ግንኙነቱን ሳይዘጋ ነው። ስለዚህ በስህተት የታገደ እውነተኛ ሰው ካለ፣ ደብዳቤው እንዳልደረሰ ከራሱ ሰርቨር ወዲያው ይነገረዋል፤ ስልክ አንስቶ ይደውላል። ተቀብሎ ሲያበቃ በዝምታ የሚሰርዝ ማጣሪያ ግን ሁለቱንም ወገን ያታልላል። ላኪው ደርሷል ብሎ ይጠብቃል፣ ተቀባዩ አልተላከም ብሎ ይቀየማል። የትኛውንም ማጣሪያ ብትመርጡ ዝምተኛ ስረዛን አጥፉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «አልደረሰኝም» የሚል ሰው ሲመጣ የምጠይቀው ከማን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደተላከ ነው፤ ከዚያ የማጣሪያውን ሳይሆን የፖስትፊክስን ሎግ (የሥራ መዝገብ) እከፍታለሁ። የላኪው ዱካ ጭራሽ ከሌለ ኢሜይሉ እኛ ዘንድ አልመጣም፤ አድራሻ ተሳስቷል ወይም ችግሩ ከላኪው በኩል ነው። በ4 የሚጀምር ኮድ ካለ ለጊዜው ተመልሷል፣ ይመጣል። በ5 የሚጀምር ከሆነ በቁርጥ ተመልሷል። ገብቷል የሚል ከሆነ ጀንክ ውስጥ ወይም ሰውዬው ራሱ በሠራው የፎልደር ደንብ ውስጥ አለ። በማጣሪያው ከሚሳበበው ውስጥ ከማጣሪያው ጋር ምንም የማይገናኝ ብዙ አለ። ለምሳሌ የፖስትፊክስ የመጠን ገደብ ካልተቀየረ ወደ 10 ሜጋባይት ነው፤ አባሪ ፋይል በኢሜይል ሲጓዝ በሲሶ ያህል ስለሚያብጥ 8 ሜጋባይት የሆነ የተቃኘ ውል ገደቡን አልፎ ይመለሳል። አርስፓምዲ ይህን ኢሜይል አይቶት እንኳ አያውቅም።

ከሁሉ ያስተማረኝ የአንድ ደንበኛችን ኢንቮይስ ነው። ኢንቮይሱ ሁልጊዜ ጀንክ ውስጥ ይገኛል፤ የዚያው ድርጅት ሰው ከስልኩ የሚጽፈው ደብዳቤ ግን ያለችግር ይገባል። ሄደሩን (ከኢሜይሉ ጋር ተደብቆ የሚመጣውን የመረጃ ክፍል) ስከፍት ዝርዝሩ ሁሉን ተናገረ። የመልእክት መለያ የለውም፣ 2.5 ነጥብ። የላከው አይፒ አድራሻ በዶሜይኑ የኤስፒኤፍ መዝገብ (በዶሜይኑ ስም መላክ የሚችሉ ሰርቨሮች ዝርዝር) ውስጥ አልተፈቀደለትም፣ 1 ነጥብ። ኢሜይሉ ከዶሜይኑ መውጣቱን የሚያረጋግጠው የዲኪም ፊርማም የለውም። የቀረውን የጽሑፉ ይዘት ሞላው። ኢንቮይሱ የሚወጣው በድርጅቱ ሜይል ሰርቨር በኩል ሳይሆን ከሂሳብ ሶፍትዌሩ በቀጥታ ነበር። እነዚያን የሄደር መስመሮች ለደንበኛው ባለሙያ ላክሁለት፤ ሶፍትዌሩን በሰርቨራቸው በኩል እንዲልክ አደረገው፣ ነገሩም አለቀ። ለእኛ ብቻ ሳይሆን ኢንቮይስ ለሚልኩለት ሁሉ አለቀ።

ፈጣኑ መንገድ ዶሜይኑን ነጭ ዝርዝር ውስጥ፣ ማለትም ሁልጊዜ ይለፉ ከተባሉት ተርታ፣ መክተት ነበር፤ ብዙ ሰውም የሚያደርገው እሱን ነው። አጥብቄ የምቃወመውም እሱን ነው። «ከ» በሚለው መስመር ላይ የሚታየውን አድራሻ ማንም እንደፈለገ መጻፍ ይችላል። በስም ብቻ ነጭ ዝርዝር ያስገባችሁት ደንበኛ፣ ስሙን ሰርቆ የውሸት ኢንቮይስ ለሚልክ አጭበርባሪ የተከፈተ በር ነው፤ አጭበርባሪው ደግሞ የሚመርጠው በትክክል እንዲህ የምታምኑትን ስም ነው። አርስፓምዲ ለዚህ ጥሩ መላ አለው፤ ነጭ ዝርዝሩን «ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ወይም ዲማርክ ከተረጋገጠ ብቻ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ማሰር ይቻላል (ዲማርክ ሁለቱን ከሚታየው የላኪ አድራሻ ጋር የሚያያይዝ ማረጋገጫ ነው)። ሌላ ዓይነት ነጭ ዝርዝር በሰርቨራችን ላይ የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ በጅምላ የተፈቀደ ዶሜይን ጉድለቱ ተሸፍኖ ይኖራል እንጂ አይታረምም።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ዲኤንኤስ፣ የኢንተርኔት የስም ማውጫ፣ ነው። አርስፓምዲ ለእያንዳንዱ ኢሜይል ብዙ የዲኤንኤስ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የላኪውን አይፒ እንደ ስፓምሃውስ ባሉ ጥቁር ዝርዝሮች (የታወቁ ስፓም ላኪዎች መዝገቦች) ውስጥ የሚፈልገውም በዚያው መንገድ ነው። ሰርቨሩ ጥያቄውን የሚያሳልፈው በትልልቆቹ የሕዝብ ዲኤንኤስ አገልግሎቶች በኩል ከሆነ ስፓምሃውስ መልስ አይሰጥም፤ በምትኩ 127.255.255.254 የሚል ኮድ ይመልሳል። ትርጉሙ «በሕዝብ ዲኤንኤስ በኩል ስለመጣህ አልመልስልህም» ነው። አርስፓምዲ ይህን ኮድ ያውቀዋል፤ ነጥብ ሳይጨምር በዝርዝሩ ላይ ጠቅሶት ያልፋል። ነገር ግን ፖስትፊክስ ራሱ በቀጥታ ጥቁር ዝርዝር እንዲጠይቅ ከተደረገና የትኛው ኮድ እንደሚቆጠር ካልተነገረው፣ ማንኛውንም መልስ «ተመዝግቧል» ብሎ ስለሚወስድ የመጣውን ኢሜይል ሁሉ ይመልሳል። አንድ ቀን ድንገት ሁሉም ኢሜይል ከቆመ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

መፍትሔው እዚያው ሰርቨር ላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ የሚፈታውን አንባውንድ የተባለ ፕሮግራም መጫንና ጥያቄውን ለማንም ሳያስተላልፍ ራሱ ከሥሩ እንዲፈታ ማድረግ ነው። ብዙዎች አንባውንድን ይጭኑና ጥያቄውን መልሶ ወደ ሕዝብ ዲኤንኤስ እንዲያስተላልፍ ያደርጉታል፤ ያ ምንም ለውጥ አያመጣም። እኛ ጋ ከዚህ በኋላ በጥቁር ዝርዝር የሚያዘው ኢሜይል በግልጽ ጨመረ፣ ጀንክ ውስጥ የሚገባውም በዚያው ልክ ቀነሰ፤ ቀድሞ 7 ወይም 8 ነጥብ ይዞ ጀንክ የሚገባው አሁን 15 አልፎ ከውጭ ይቀራል። ሰው የማጣሪያውን ነጥብ ሲያስተካክል ይከርማል፤ እኔ ከየትኛውም የነጥብ ለውጥ ይልቅ ይህን አስቀድማለሁ።

ግሬይሊስት በሚባለው፣ ቀደም ሲል በጠቀስሁት «ቆይተህ ሞክር» ላይ ያለኝ አስተያየት የተደባለቀ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አጠራጣሪ ላኪን 451 ብሎ መመለስ፤ እውነተኛ ሰርቨር ቆይቶ ይሞክራል፣ የስፓም ማሽን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። አርስፓምዲ ይህን የሚያደርገው ነጥቡ 4 ለደረሰ ብቻ ስለሆነ ንጹሕ ኢሜይል አይዘገይም፤ የመጀመሪያው ቆይታም 5 ደቂቃ ነው። ነገር ግን ላኪው መቼ እንደሚመለስ የሚወስነው ላኪው ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ይህ የሚጎዳው የማረጋገጫ ኮድ የሚጠብቅን ሰው ነው። ኮዱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ኢሜይሉ ሲደርስ ጊዜው አልፏል፣ ሰውየው እንደገና ይጠይቃል፣ ሁለተኛውም ይዘገያል። ኮድ የሚልኩልንን አገልግሎቶች በግሬይሊስቱ የነፃ ዶሜይኖች ዝርዝር ውስጥ አስገባሁ። ይህ ዝርዝር ቆይታውን እንጂ ምርመራውን ስለማያስቀር በፊት ከነቀፍሁት ነጭ ዝርዝር ይለያል።

የቤይስ ትምህርት፣ ማለትም ማጣሪያው ከቃላቱ ስፓሙን ከመልካሙ መለየት የሚማርበት ዘዴ፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቢያንስ 200 ስፓምና 200 መልካም ኢሜይል እስኪማር ድረስ አንዲት ነጥብ አይሰጥም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «አይሠራም» የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ ጋ ሠራተኛው ኢሜይል ወደ ጀንክ ሲያዛውር ስፓም፣ ከጀንክ ሲያወጣ መልካም ተብሎ ይማራል፤ ይህን የሚያገናኘው የዶቭኮት ሲቭ ነው። ስክሪፕቱ ውስጥ ከጀንክ ወደ ትራሽ የሄደው እንዳይቆጠር የሚያደርገው መስመር መኖሩን አረጋግጡ። ጀንኩን እያጸዳ ያለ ሰው ሳያውቀው ስፓሙን ሁሉ «መልካም ነው» ብሎ እያስተማረ ሊሆን ይችላል። ሌላው የሰው ጠባይ ነው። ራሱ የተመዘገበበትን ሳምንታዊ ጋዜጣ ሲሰለቸው ወደ ጀንክ የሚወረውር አለ፤ ያንኑ ጋዜጣ ጎኑ ያለው ባልደረባው ይፈልገዋል። ይህን በሶፍትዌር አትፈቱትም፤ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነው። ለዚህም ስል አርስፓምዲ ራሱ በራሱ እንዲማር የሚያደርገውን አማራጭ አላበራሁትም።

ወደ ውጭ የሚተላለፍ ኢሜይልም መነሳት አለበት። ሠራተኛ የሥራ ኢሜይሉ በሙሉ ወደ ግል አካውንቱ እንዲሄድለት ይፈልጋል። ሲተላለፍ ግን የላኪው ኤስፒኤፍ ይሰበራል፣ ምክንያቱም አሁን የሚልከው የእኛ አይፒ ነው። ያመለጠን ስፓም ሁሉም በእኛ ስም ይሄዳል። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ በላኪዎች ላይ ጠበቅ ያለ የማረጋገጫ ግዴታ ስለጣሉ ነገሩ ከበፊቱ ይበልጥ ከብዷል። አርስፓምዲ ኢሜይሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ የነበረውን የማረጋገጫ ውጤት የሚመሰክር የአርክ ፊርማ ሊያክልበት ይችላል፤ ተቀባዩ ፊርማውን ማመኑ ግን የተቀባዩ ምርጫ ነው። እኛ ማስተላለፉን አቁመን ስልካቸው ላይ የሥራውን አካውንት ከፈትንላቸው።

የማልወድለት አለ። የኮንፊግ ፋይሎቹ ብዙ ናቸው፣ የተበታተኑም ናቸው። ሎካል ዲ በሚባለው ማውጫ ውስጥ የሚጻፈው ከነባሩ ጋር ይዋሃዳል፣ ኦቨርራይድ ዲ ውስጥ የሚጻፈው ግን ነባሩን ይተካዋል፤ ይህን ልዩነት ሳያጠኑ መንካት ያደናግራል። ከድረ ገጽ ማሳያው ላይ የሚቀየር ነጥብ ደግሞ በሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ፣ ፋይሉ ላይ የምታዩት ቁጥርና የሚሠራው ቁጥር ላይገጥሙ ይችላሉ። እኔ ማሳያውን ለማየት ብቻ እጠቀምበታለሁ፤ በኤስኤስኤች ዋሻ (በተመሰጠረ የርቀት ግንኙነት) እንጂ በኢንተርኔት ላይ ክፍት አይደለም። የታሪክ ዝርዝሩም ሲጫን የሚይዘው የመጨረሻዎቹን 200 ኢሜይሎች ብቻ ነው። ሥራ በሚበዛበት ቀን ይህ ግማሽ ቀን አይሞላም፤ የትናንት ጠዋቱን ኢሜይል ስትፈልጉ የለም። ቁጥሩን ገና ስትጭኑት ከፍ አድርጉት።

ትምህርቱም ታሪኩም የሚቀመጠው ሬዲስ በተባለ የመረጃ ቋት ላይ ስለሆነ ሬዲስ ዲስክ ላይ እንደሚጽፍ አረጋግጡ፣ ባክአፕ ውስጥም አስገቡት። አርስፓምዲ ራሱ ቢወድቅ ፖስትፊክስ ምን ያድርግ የሚለውም አስቀድሞ መወሰን አለበት። ያልተነካ ፖስትፊክስ «ቆይታችሁ ሞክሩ» ብሎ ይመልሳል፤ ብዙ መመሪያዎች ሳይጣራ ይግባ ወደሚለው እንዲቀየር ይመክራሉ። እኔ እንደነበረ ትቼዋለሁ። ላኪ ሰርቨሮች በተለምዶ ለቀናት ደጋግመው ስለሚሞክሩ ለአንድ ሰዓት የቆመ ማጣሪያ ኢሜይል አያጠፋም፤ በዚያች ሰዓት ሳይጣራ የገባ አንድ የማጭበርበሪያ ደብዳቤ ግን ብዙ ያጠፋል።

የማይይዘውንም ልንገራችሁ። የእውነተኛ የንግድ አጋራችሁ አካውንት ተሰብሮ፣ ከእውነተኛው ሰርቨር፣ በእውነተኛ ፊርማ፣ የቆየ ውይይታችሁን ቀጥሎ «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ አርስፓምዲ ያሳልፈዋል። ዝርዝሩን ብትከፍቱት ሁሉም ትክክል ነው፤ ቤይስም ቋንቋውን ስለሚያውቀው ነጥብ ይቀንስለታል። ለዚህ ያለን መከላከያ ከማጣሪያው ውጭ ነው። ሂሳብ ክፍላችን የባንክ ቁጥር ለውጥ ሲመጣ በኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ሳይሆን ቀድሞ በሚያውቀው ስልክ ደውሎ ሳያረጋግጥ አንድም ክፍያ አይፈጽምም።

ሎግ የሚያነብ ሰው የሌለው ድርጅት አርስፓምዲን ከመጫን ይልቅ ኢሜይሉን ለሚያስተናግድለት አገልግሎት ቢከፍል ይሻለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ካለ ግን፣ በቀን ሩብ ሰዓት እንኳ የሚሰጠው ቢሆን፣ አንባውንድን አስቀድሞ ይጫን፣ የታሪክ ቁጥሩን ከፍ ያድርግ፣ ነጥቦቹን ለሁለት ወር ሳይነካ ሄደር እያነበበ ይክረም።